ከእግር አፈር እስከ ዘረመል፦ ሳይቶካይኖች ነጭ የደም ሕዋሳትን እንዴት ያዛሉ?

በሥነ ሕይወት ትምህርት ተማሪዎችን ደጋግመው ከሚያስጨንቁ ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው። የሰው ልጅ ሕዋሳት ከጥቂቶቹ በስተቀር አንድ ዓይነት ዘረመል የያዙ ከሆነ፣ አንዱ ሕዋስ ከሌላው የተለየ ሥራ የሚሠራው ለምንድን ነው? ያው አንድ ሕዋስስ ትናንት ያልሠራውን ፕሮቲን ዛሬ መሥራት የሚጀምረው ማን አዝዞት ነው?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በነጭ የደም ሕዋሳት ምሳሌነት ለመመለስ እንሞክራለን። እነዚህ ሕዋሳት ትእዛዝ የሚቀበሉት ሳይቶካይን ከሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ነው። ምሳሌውን ፍለጋ ግን ሩቅ አገር አንሄድም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በደብረ ኤልያስ ወረዳ ብዙ ገበሬዎችን ከሥራ የሚያውል አንድ የእግር በሽታ አለ። በሽታው አፈርን፣ የሕዋሳትን መልእክትና ዘረመልን በአንድ መስመር የሚያያይዝ በመሆኑ ለትምህርታችን እጅግ ተስማሚ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደጋው የሚታየው የእግር እብጠት

በአገራችን ዝሆኔ የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይሰጣል። አንደኛው ትንኝ በሚያስተላልፈው ቀጭን ትል የሚመጣ ሲሆን የሚታየው በሞቃታማ ቆላማ ቦታዎች ነው። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ይህኛውን የሚያመጣው ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚከሰተው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ዘንድ ነው። እንዲህ ያለው አፈር በብዛት የሚገኘው ከፍታቸው ከ1,000 ሜትር፣ ዓመታዊ ዝናባቸውም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ደጋማ አካባቢዎች ነው።

በ2012 ለኅትመት የበቃ አንድ ጥናት በደብረ ኤልያስና በአጎራባች ዞን በምትገኘው በደምበጫ ወረዳ በዕጣ የተመረጡ 20 ቀበሌዎችን አዳርሷል። ከ17,553 ቤተሰቦች መካከል 1,704 በሽተኞች የተገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው የበሽታው ተጠቂዎች መሆናቸው ተረጋግጧል። በሽተኞቹ በአማካይ በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ትኩሳትና የእግር መቆጣት ያለበት ድንገተኛ ሕመም ይነሣባቸዋል፤ በዚህም ምክንያት በዓመት 90 ቀናት ያህል በሕመም ያሳልፋሉ። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥር ግን የሚከተለው ነው፦ በሽተኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ስላለው የእግር እብጠት ባደረጋቸው ጥናቶች ከአፈር የመጡ ሲልከንና አሉሚኒየም ያለባቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በበሽተኞች ብሽሽት ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች እንደሚገኙ አሳይቷል። እነዚህ ዕጢዎች ሲያብጡ ሕዝቡ ንፍፊት የሚላቸው ናቸው። ታዲያ የሞተ፣ ሕይወት የሌለው የአፈር ቅንጣት ሕያው የሆነውን ሕዋስ ምን አድርጎ ነው እግርን እስከማሳበጥ የሚያደርሰው? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ዘረመል እንዴት እንደሚነበብ እንመልከት።

አንድ መዝገብ፣ ብዙ ንባብ

በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል ባክቴሪያን የሚውጡ አሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱ አሉ፤ ሌሎችን የሚያስተባብሩ ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉም አሉ። ከደም ወጥተው በሥጋ ውስጥ የሚቀመጡት ታላላቅ ዋጮች ደግሞ ማክሮፋጅ ይባላሉ።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ማዕከል፣ ማለትም በኒውክሊየስ ውስጥ፣ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲ.ኤን.ኤ. ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ 20,000 ያህል ዘረመሎች ተጽፈዋል። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ መሥሪያ ቤት ዋና መዝገብ ነው፤ ከመዝገብ ቤቱ አይወጣም። ፕሮቲን መሥራት ሲያስፈልግ የተፈለገው ገጽ ግልባጭ ብቻ ይወጣል። ይህ ግልባጭ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ይባላል። ግልባጩ ከኒውክሊየስ ወጥቶ የፕሮቲን መሥሪያ ወደ ሆኑት ራይቦሶሞች ይደርስና ፕሮቲኑ ይሠራበታል። አንድ ዘረመል ተገልብጦ ፕሮቲኑ ሲሠራ ዘረመሉ ተገለጠ እንላለን።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናትና ከዚያው አንድ ምሳሌ እንዋስ። በአንድ ጉባኤ ያሉ ደቀ መዛሙርት ሁሉ የሚያጠኑት ግስ አንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ግስ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚመረጥ የሚወስነው ግን የዕለቱ በዓልና ቅኔው የሚቀርብበት ጉዳይ ነው። በሕዋስም እንዲሁ ነው። የዘረመሉ ሀብት አይለወጥም፤ ከዚያ ውስጥ ዛሬ የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው ከውጭ የሚመጣው መልእክት ነው። በነጭ የደም ሕዋሳት ዘንድ ከእነዚህ መልእክቶች ዋነኞቹ ሳይቶካይኖች ናቸው።

ሳይቶካይን ምንድን ነው?

ሳይቶካይን አንድ ሕዋስ አዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚለቀው፣ የሌላውን ወይም የራሱን ጠባይ የሚለውጥ ጥቃቅን ፕሮቲን ነው። ከሆርሞን የሚለየው በአብዛኛው በተለቀቀበት አካባቢ የሚሠራ በመሆኑና አንዱን ሳይቶካይን ብዙ ዓይነት ሕዋሳት ሊያመርቱት በመቻላቸው ነው። በታሪክ ቀድመው ከታወቁት መካከል ኢንተርፌሮን ይገኝበታል። እርሱን በ1957 በለንደን ያገኙት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ናቸው።

ሳይቶካይን ፕሮቲን ስለሆነ የሕዋሱን ስስ ልባስ፣ ማለትም ገለፈቱን፣ አልፎ መግባት አይችልም። ታዲያ በውጭ ያለው መልእክት በውስጥ ያለውን መዝገብ እንዴት ያስከፍታል? በገለፈቱ ላይ ግማሽ አካላቸው በውጭ፣ ግማሹ በውስጥ የሆነ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሳይቶካይኑ የተቀባዩን ውጫዊ ክፍል ሲይዝ የውስጠኛው ክፍል አቀማመጥ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ዜናው ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ ኒውክሊየስ ይደርሳል። ለዚህ ቅብብል ብዙ መንገዶች አሉ፤ እኛ ሁለቱን ዋና ዋናዎች እንመለከታለን።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ጃክና ስታት

ቲ ሊምፎሳይቶች ከሚለቋቸው ሳይቶካይኖች አንዱ ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። ይህ ሳይቶካይን በማክሮፋጅ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ሲይዝ ያቀራርባቸዋል። ከተቀባዮቹ የውስጥ ጫፍ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ጃክ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ጃኮች ሲቀራረቡ አንዱ ሌላውን ያነቃዋል። ሥራቸው በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት መለጠፍ ነው። ስማቸው ባለ ሁለት ፊት ከሆነው የሮማውያን አምላክ ከያኑስ የተወሰደ ሲሆን፣ ምክንያቱም በአካላቸው ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ስላሉ ነው።

የነቁት ጃኮች አስቀድመው በተቀባዩ ጅራት ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። በዚህ ጊዜ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሥራ ፈቶ ይዘዋወር የነበረው ስታት 1 የሚባል ፕሮቲን መጥቶ በዚያ ይያያዛል። እርሱም በተራው ፎስፌት ይለጠፍበታል። ፎስፌት የተለጠፈባቸው ሁለት ስታቶች ተቃቅፈው ጥንድ ይሆኑና ወደ ኒውክሊየስ ይገባሉ። በዚያም በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ቲ-ቲ-ሲ ብሎ ጀምሮ ከሦስት ፊደላት በኋላ ጂ-ኤ-ኤ ብሎ የሚያበቃ አጭር ምልክት ፈልገው ይቀመጡበታል። ምልክቱ ካለበት ቦታ አጠገብ ያለው ዘረመል መገልበጥ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በደቂቃዎች ጊዜ ውስጥ ነው።

መንገዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተገልጾ የታወቀው ጄምስ ዳርኔል፣ ጆርጅ ስታርክና ኢያን ከርን በመሳሰሉ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። በሰው ውስጥ አራት ጃኮችና ሰባት ስታቶች አሉ። በዚህ አነስተኛ ቁጥር ከ50 በላይ ሳይቶካይኖች ይጠቀማሉ። መልእክቶቹ እንዳይደባለቁ የሚያደርገው አንዱ ነገር ቅንጅቱ ነው፦ ኢንተርሉኪን 6 በዋነኛነት ስታት 3ን፣ ኢንተርሉኪን 4 ደግሞ ስታት 6ን ያነቃል። ሌላው ነገር የዲ.ኤን.ኤ. አጠቃለል ነው። በአንዱ ዓይነት ሕዋስ ተጠቅልሎ የተዘጋው ክፍል በሌላው ዓይነት ክፍት ሊሆን ስለሚችል፣ ያው አንድ ስታት በሁለት ዓይነት ሕዋሳት የተለያዩ ዘረመሎችን ያስነብባል።

ሙሉ ሆኖ ሳለ ዝም ያለ ዘረመል

ከኢንተርፌሮን ጋማ ትእዛዝ በኋላ ከሚገለጡ ዘረመሎች መካከል ለእኛ ጉዳይ ዋነኞቹ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኙት የኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ዘረመሎች ናቸው። ከእነርሱ የሚሠሩት ፕሮቲኖች በሕዋሱ ገጽ ላይ እንደ ማሳያ ትሪ ያገለግላሉ። ማክሮፋጁ የዋጠውን ባዕድ ነገር ቆራርጦ ቁራሹን በትሪው ላይ ያስቀምጣል። ቲ ሊምፎሳይት መጥቶ ያየዋል፤ ባዕድ መሆኑን ካወቀ ይነሣሣል፤ ተጨማሪ ኢንተርፌሮን ጋማም ይለቃል። ይህም የማክሮፋጁን ትሪዎች እንደገና ያበዛል። ሁለቱ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ይበረታታሉ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ግን አንድ ተጨማሪ አዛዥ አለ። ስታት 1 በቀጥታ የሚያስገለብጠው የኤች.ኤል.ኤ. ዘረመሎችን ሳይሆን ሲቱቲኤ የሚባለውን ፕሮቲን ዘረመል ነው። ሲቱቲኤ ራሱ ዲ.ኤን.ኤ.ን አይነካም፤ በኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ዘረመሎች ደጃፍ ላይ አስቀድመው ከተቀመጡ ፕሮቲኖች ጋር ተባብሮ መገልበጡን ያስጀምራል። እርሱ ከሌለ እነዚህ ዘረመሎች አይነበቡም።

የዚህ ማረጋገጫ የተገኘው ከበሽታ ነው። አንዳንድ ሕፃናት የኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ትሪ በሕዋሶቻቸው ገጽ ላይ ፈጽሞ ሳይኖር ይወለዳሉ። በዚህም ምክንያት ተደጋጋሚና ብርቱ በሆነ ተላላፊ በሽታ ይጠቃሉ። የኤች.ኤል.ኤ. ዘረመሎቻቸው ሲመረመሩ ግን ሙሉ ሆነው ተገኙ። በ1993 በጄኔቫ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሕሙማን በአንዱ ወገን ጉድለቱ ያለው በሲቱቲኤ ላይ መሆኑን ደረሱበት። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላልና ታላቅ ነው፦ ዘረመል መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚያስነብበው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ታስሮ የሚጠብቀው ፕሮቲን

ሁለተኛው መንገድ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ መንገድ ነው። በ1986 ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር ፀረ እንግዳ አካልን በሚያመርቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ይህ ፕሮቲን ሕዋሱ ዕረፍት ላይ ሳለ በኒውክሊየስ ውስጥ የለም። አይ ካፓ ቢ በሚባል ሌላ ፕሮቲን ታስሮ በውጭ ይቀመጣል።

ቲ.ኤን.ኤፍ. ወይም ኢንተርሉኪን 1 የተባሉት ሳይቶካይኖች ተቀባያቸውን ሲይዙ፣ ወይም የባክቴሪያ አካል ስባሪ ወደ ማክሮፋጅ ሲደርስ፣ አንድ ኢንዛይም ነቅቶ በእስረኛው ላይ ሳይሆን በአሳሪው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ምልክት የተለጠፈበት አይ ካፓ ቢ ወዲያውኑ ይፈራርሳል። የተፈታው ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና ብዙ የብግነት ዘረመሎችን ያስገለብጣል። ከእነዚህም መካከል የቲ.ኤን.ኤፍ.፣ የኢንተርሉኪን 1 ቤታና የኢንተርሉኪን 6 ዘረመሎች ይገኛሉ። መልእክቱን የተቀበለው ሕዋስ ራሱ መልእክተኛ ይሆናል ማለት ነው።

ኢንተርሉኪን 1 ቤታ ግን በአንድ ትእዛዝ ብቻ አይለቀቅም። መጀመሪያ ዘረመሉ ተገልብጦ ያልተጠናቀቀ ረጅም ፕሮቲን ይሠራል። ቀጥሎ ካስፔዝ 1 የሚባል ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ብቻ ወደ ሥራ ይገባል። ይህን ቆራጭ ከሚያነቁ ነገሮች አንዱ በማክሮፋጅ የተዋጠ የሲሊካ ቅንጣት እንደሆነ በ2008 የታተሙ የላቦራቶሪ ጥናቶች አሳይተዋል። ሲሊካ ከሲልከንና ከኦክስጅን የተሠራ የድንጋይና የአሸዋ ንጥረ ነገር ነው። በድንጋይ ፈላጮች ሳንባ ላይ ጠባሳ የሚያመጣውም ይኸው ነው። እንግዲህ ሕይወት የሌለው ቅንጣት ሕያው ሕዋስን ከሚያናግርባቸው በሮች አንዱን አገኘን ማለት ነው።

መልእክቱ የሚቆመው እንዴት ነው?

ማስጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም ትእዛዝ ይጠይቃል። ተፈጥሮ ይህን የሠራችው በሚያስደንቅ ብልሃት ነው፤ ማቆሚያውን ከማስጀመሪያው ጋር አስራዋለች። ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ ከሚያስገለብጣቸው ዘረመሎች አንዱ የገዛ አሳሪው የአይ ካፓ ቢ ዘረመል ነው። አዲስ የተሠራው አይ ካፓ ቢ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የተፈታውን መልሶ ያስረዋል። በጃክና በስታት መንገድም ስታት 1 ሶክስ 1 የተባለ ፕሮቲን ያሠራል፤ እርሱም ተመልሶ ጃኮችን ያግዳል።

ይህ ማቆሚያ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ሶክስ 1 የሌላቸውን አይጦች በላቦራቶሪ አስገኙ። አይጦቹ ከተወለዱ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ በከፍተኛ ብግነት ሞቱ። ኢንተርፌሮን ጋማም ጭምር እንዳይኖራቸው የተደረጉት ግን ከዚህ ሞት ተረፉ። የገደላቸው የራሳቸው መልእክት አለመቆሙ ነበር።

ነገር ግን ማቆሚያው ያለ ችግር የሚሠራው የመልእክቱ ምክንያት ከተወገደ ነው። ባክቴሪያ ከሆነ ይዋጣል፤ ይፈጫል፤ ያልቃል። የማይፈጭ ነገር ሲሆንስ?

ወደ ደብረ ኤልያስ እንመለስ

በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ በዓመታት ብዛት በእግሩ ቆዳ ላይ በሚፈጠሩ ስንጥቆች በኩል ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ይገቡበታል። ቅንጣቶቹ በሊምፍ ቱቦዎች ይጓዛሉ፤ ማክሮፋጆችም ይውጧቸዋል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን በሕዋስ ኢንዛይም አይፈጭም። የዋጠው ማክሮፋጅ ቢሞት ቅንጣቱ ወጥቶ በሌላ ይዋጣል። ገበሬው በማግሥቱም ወደ እርሻው ስለሚወጣ አዲስ ቅንጣት ይጨመራል። በዚህ ምክንያት የብግነቱ መንስኤ ከቦታው አይጠፋም፤ መልእክቱም ደጋግሞ ይታደሳል።

የማያቋርጥ ብግነት ባለበት ሥጋ ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳት ይነሣሣሉ። እነርሱን ከሚያዙ ሳይቶካይኖች አንዱ ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ ነው። የሊምፍ ቱቦዎች በጠባሳ ሲጠብቡ ወደ ልብ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ በእግር ላይ ይጠራቀማል፤ እግሩም ያብጣል። የእያንዳንዱ ሳይቶካይን ድርሻ በፖዶኮኒዮሲስ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬም በምርምር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። የበሽታ መከላከል ሥርዓቱ ተካፋይ መሆኑን የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ግን ከዘረመል ጥናት ተገኝቷል።

በ2012 በፋሲል ተኮላ አየለ ቀዳሚነት የታተመ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን በመላ ዘረመላቸው አነጻጸረ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ልዩነት በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ በኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ዘረመሎች አካባቢ ነበር። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህንኑ በአማራ፣ በኦሮሞና በወላይታ ተወላጆች ላይ አረጋገጠ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው እነዚህ ዘረመሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚያስገልጣቸው የማሳያ ትሪዎች ናቸው። ተመሳሳይ ነገር በሌላው ዓለምም ታይቷል። በፋብሪካ ውስጥ የቤሪሊየም ብረት አቧራ ከሚተነፍሱ ሠራተኞች መካከል ጥቂቶቹ ለሳንባ ሕመም ይዳረጋሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዚሁ የዘረመል ወገን የተለየ ዓይነት ትሪ ያላቸው ናቸው።

በዘር ይወርዳል ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ መታየቱን ሕዝቡ ከሳይንስ ቀድሞ አስተውሏል። ሆኖም ከትክክለኛው አስተውሎት የተሳሳተ ፍርድ ተወለደ። በበሽታው በተነካ ቤት የተወለደች ልጃገረድ በዘሯ አለባት ተብላ ከጋብቻ ትገለላለች። በአንድ ማዕድ መቀመጥንና በማኅበር መገናኘትን የሚፈሩም አሉ።

ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። በ2007 የታተመ የቤተሰብ ጥናት በሽታው በሰዎች መካከል ለሚያሳየው ልዩነት የውርስ ድርሻ 63 በመቶ ያህል መሆኑን ገምቷል። ይህ ቁጥር ግን የተገኘው ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል በባዶ እግሩ አፈር ከሚረግጥበት ማኅበረሰብ ነው። ሁሉም አፈሩን ከነካ ማን እንደሚታመም የሚለየው በአብዛኛው ዘረመል ይሆናል። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ ግን ያው ዘረመል ሳይለወጥ በሽታው ይጠፋል። ስለዚህ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነው የትሪ ዓይነት ጉዳት የሚያመጣው በትሪው ላይ የሚቀመጥ ነገር ሲኖርና መልእክቱ ሲቀጣጠል ነው። ያም የሚጀምረው ከእግር ሥር ነው።

ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ

ስለ ሳይቶካይን መንገዶች የተገኘው እውቀት በሌሎች በሽታዎች ላይ መድኃኒት አስገኝቷል። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግዱ መድኃኒቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጃኮችን የሚያግደው ቶፋሲቲኒብ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ለመገጣጠሚያ ብግነት ይሰጣሉ። ለፖዶኮኒዮሲስ ግን ዋናው ሕክምና ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው። እግርን በየዕለቱ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው።

ይህ ቀላል እንክብካቤ የሚሠራበትን ምክንያት አሁን በሕዋስ ቋንቋ ማስረዳት እንችላለን። በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገቡ ባክቴሪያዎች ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢን ያስፈታሉ፤ ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሉኪን 1ና ኢንተርሉኪን 6 ይለቀቃሉ፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው መልእክታቸውም ትኩሳት ያስነሣል። የታጠበና የለሰለሰ ቆዳ በሩን ይዘጋል። በ2018 የታተመው በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ይህን በተግባር አሳይቷል። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት ሕሙማን ሳይጀምሩ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ ድንገተኛው ሕመም 19 በመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል። በእያንዳንዱ ቀን ሥራ እንጀራውን ለሚያገኝ ገበሬ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

እንግዲህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ሕዋስ የሚሠራውን የሚወስነው የያዘው ዘረመል ብቻ ሳይሆን፣ ዘረመሉን የሚያስነብበው መልእክትም ጭምር ነው። የወረስነውን ዘረመል መምረጥ አንችልም። ወደ ሕዋሳችን ከሚደርሱ መልእክቶች አንዳንዶቹን ግን ከምንጫቸው መከልከል እንችላለን። በደብረ ኤልያስ ላለ ሕፃን ከሁሉ የሚቀድመው የዘረመል ጥበቃ በጊዜ የተገዛለት ጫማ ነው። ይህን ለወላጆችና ለጎረቤት ማስረዳት፣ በሽታው እንደማይተላለፍና መርገምም እንዳልሆነ መንገር፣ ይህን ትምህርት የተማረ ሁሉ ድርሻ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሳይቶካይን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ሳይገባ በኒውክሊየስ ያለን ዘረመል ሊያስገልጥ የሚችለው እንዴት ነው? ጃክንና ስታትን በመጥቀስ አስረዱ።

2. አንድ ሕፃን የኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ዘረመሎቹ ሙሉ ሆነው ሳለ ፕሮቲኖቻቸው በሕዋሶቹ ገጽ ላይ የማይገኙት በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል?

3. ኤን.ኤፍ. ካፓ ቢ የገዛ አሳሪውን ዘረመል ማስገልበጡ ለሕዋሱ ምን ይጠቅመዋል?

4. በአንድ መንደር የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ተጋላጭ የሚያደርገውን ዘረመል እኩል ወርሰዋል። አንደኛው በበሽታው ሲያዝ ሌላኛው አልተያዘም። ይህ ሊሆን የሚችልባቸውን ምክንያቶች በዚህ ጽሑፍ በተማራችሁት መሠረት ተወያዩበት።